አሸዋው ባዶ ሜዳ አይደለም፦ ስለ ማላዊ ሐይቅ የአሸዋ ዓሳ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ማላዊ ሐይቅ ዓሳዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በዓሳ አርቢዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ለእኔም ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሦስቱም የጠየቁኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ይሄ እውነት ነው?»

ጽሑፉ የሚያወራው ሲክሊድ ከሚባለው የዓሳ ቤተሰብ አሸዋ ላይ ስለሚኖሩት ነው። በተለይ ደግሞ በሳይንስ ስሙ ፎሶሮክሮሚስ ሮስትራተስ ስለሚባለው ዓሳ። እኔ ከዚህ በኋላ ሮስትራተስ ብቻ እለዋለሁ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው። የሐይቁ ሕይወት ያለው ድንጋዩ ጋ ነው፤ አሸዋው ባዶ ሜዳ ነው። አሸዋ ላይ የሚገኘው ዓሳ ድንጋዩ ጋ ቦታ አጥቶ የተገፋ ነው። ቀለም የለውም። ገንዳ ውስጥ ጠጠር ተደረገለት አሸዋ ለእሱ ለውጥ የለውም። አሸዋ መቆፈሩና መከመሩ ገንዳ ከማበላሸት ሌላ ትርጉም የለውም። እናቲቱ እንቁላሏን ትበላለች። ምግቡም እንደ ማንኛውም የማላዊ ዓሳ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ አሸዋማው ዳርቻ ላይ የፈለገው ዓይነት መረብ ቢጎተት የሚጎዳ ነገር የለም ይላሉ።

በአንድ ነገር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሮስትራተስ ለትንሽ ገንዳ አይሆንም ብለዋል፤ ልክ ናቸው። ሲያድግ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ እንደ ልቡ መዋኘት ይወዳል። ሁለት ሜትር የሚጠጋ ገንዳ የሌለው ሰው ባይገዛው ይሻላል። በቀረው ግን አልስማማም። ዝም ማለትም አልቻልኩም። ለሥራ በማላዊ ዋና ከተማ ሊሎንግዌ በኖርኩባቸው ሁለት ዓመታት ይህን ዓሳ እዚያው ሐይቁ ውስጥ አይቼዋለሁ። አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥም ለዓመታት አብሮኝ ኖሯል።

«አሸዋው ባዶ ሜዳ ነው»

ከጀልባ ላይ ሆኖ ላየው ሰው እንደዚያ ይመስላል። መጀመሪያ ለእኔም እንደዚያው ነበር የመሰለኝ።

የማላዊ ሐይቅ ርዝመቱ ወደ 580 ኪሎ ሜትር ነው። ስፋቱ ሰፊ በሆነበት ቦታ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጥልቀቱ 700 ሜትር ይሆናል። ማላዊ፣ ሞዛምቢክና ታንዛኒያ ይጋሩታል። ከ200 ሜትር ገደማ በታች ግን ኦክስጅን እያለቀ ይሄዳል፤ የታችኛው ውሃ ከላይኛው ጋር አይቀላቀልም፣ ዓሳም አይኖርበትም። ስለዚህ ከ800 በላይ የሚገመቱት የሲክሊድ ዝርያዎች ኑሯቸው ላይኛው ውሃና ዳርቻው ላይ ነው። ድንጋዩ ጋ የሚኖሩት ደማቅ ቀለም ያላቸው ዓሳዎች ምቡና ይባላሉ፤ ዓለም የሚያውቀው እነሱን ነው። ከአንዱ ድንጋያማ ዳርቻ እስከ ሌላው ድረስ ያለው ረጅም ቦታ ግን አሸዋ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኬፕ ማክሊር፣ ቼምቤ ከሚባለው መንደር ፊት ለፊት፣ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድርጌ ገባሁ። ውሃው ደረቴ ድረስ ቢሆን ነው። ሥሬ የማየው አሸዋ ብቻ ነው። ወደ ድንጋዩ ልዋኝ ስል አሸዋው ላይ ትናንሽ ጎድጓዳ ነገሮች አየሁ። ተራ በተራ ተደርድረዋል፣ ጠርዛቸው ገና አልፈረሰም። አሁን የተቆፈሩ ናቸው። ቆም ብዬ ጠበቅኩ።

ጥቂት ቆይተው ብርማ ዓሳዎች በቡድን መጡ። ጎናቸው ላይ ትልልቅ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ተሰልፈዋል። አንደኛው ቆመ። አፉን ወደ ፊት አስረዘመና ጭንቅላቱን እስከ ዓይኑ ድረስ አሸዋው ውስጥ ተከለ። ሲወጣ አፉ ሙሉ ነው። ጉንጩ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ከግራና ከቀኝ ስንጥቡ፣ ማለት መተንፈሻው፣ ሥር አሸዋው እንደ ዱቄት እየፈሰሰ ወረደ። አንድ ሜትር ወደ ፊት ሄደ፣ እንደገና ተከለ።

እናቴ ምስር ስታዘጋጅ ሰፌዱን የምታንገዋልልበት መንገድ ትዝ አለኝ። ሥራው ያው ነው። ልዩነቱ ዓሳው ሰፌዱን የያዘው ጉሮሮው ውስጥ መሆኑ ነው። ስንጥቡ ላይ እንደ ወንፊት የተደረደሩ እሾህ መሳይ ነገሮች አሉ። አሸዋውን ያሳልፋሉ፣ የሚበላውን ያስቀራሉ። የሚበላው ምንድነው? የትንኝ መሳይ ነፍሳት እጭ፣ ጥቃቅን ቅርፊት ለበስ እንስሳት፣ ትሎች፣ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች። አንድ እፍኝ አሸዋ ውስጥ ይህ ሁሉ አለ። ሲክሊዶች ደግሞ ጉሮሯቸው ውስጥ ሁለተኛ መንጋጋ አላቸው። የፊተኛው መንጋጋ ይዝቃል፣ የኋለኛው ያደቃል። አሸዋው ባዶ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል መሣሪያ ለምን ይሸከማል?

ሌላም ነገር አየሁ። ከሮስትራተሶቹ ኋላ አንድ ግንባሩ ያበጠ ሰማያዊ ዓሳ ይከተላል። ሲርቶካራ ሙሪ ይባላል፤ አርቢዎች ሰማያዊ ዶልፊን የሚሉት ነው። እሱ ብዙም አይቆፍርም። ቆፋሪውን ተከትሎ ከተበጠበጠው አሸዋ ውስጥ የሚነሳውን ይለቅማል። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። በሬ ሲያርስ ነጫጭ ወፎች ሞፈሩን ተከትለው ትል የሚለቅሙት ለዚሁ ነው።

በዚያው አሸዋ ላይ አውሎኖካራ የሚባሉ ዓሳዎች አሉ። አገጫቸው ሥርና ፊታቸው ላይ ሰፋፊ ቀዳዳዎች አሉባቸው። ከአሸዋው ጥቂት ከፍ ብለው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። በእነዚያ ቀዳዳዎች አሸዋው ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን እጭ ንዝረት ይሰማሉ፤ ከዚያ በአንዴ ይወርዳሉ። ኒምቦክሮሚስ ሊቪንግስቶኒ ደግሞ አለ። የአገሬው ሰው ካሊጎኖ ይለዋል። አሸዋው ላይ በጎኑ ተጋድሞ የሞተና የበሰበሰ ይመስላል። ትናንሽ ዓሳዎች ሬሳ መስሏቸው ሲጠጉ ይይዛቸዋል። ኬኔት ማኬይ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን እ.ኤ.አ. በ1981 ጽፎታል።

ይህ ሁሉ የሆነው ጸሐፊው ባዶ ሜዳ ባሉት ቦታ ላይ ነው።

«ከድንጋዩ የተገፋ ዓሳ»

ይህን በሁለት መንገድ መመለስ ይቻላል። አንደኛው አካሉ ነው። የሮስትራተስ አፍ ረዘም ያለ ነው፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ፎሶር በላቲን ቆፋሪ ማለት ነው። ሮስትራተስ ማለት አፈ ረጅም እንደማለት ነው። ዝርያውን ቡሌንጀር የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1899 ገለጸው። ኤክልስና ትሬዋቫስ ደግሞ በ1989 ለብቻው ወገን አወጡለት። በዚያ ወገን ውስጥ ሌላ ዓሳ የለም፣ እሱ ብቻ ነው። ተገፍቶ የመጣ ዓሳ እንዲህ ለአሸዋ ተብሎ የተሠራ አካል አይኖረውም።

ሁለተኛው ደሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የ73 ዝርያዎች ሙሉ ዘረመል ተነቦ ውጤቱ ታትሟል። የአሸዋና የወለል ዓሳዎች ከምቡና የወጡ ሆነው አልተገኙም። ሁለቱም የየራሳቸው ቅርንጫፍ አላቸው። ሥራቸው ወንዝም ሐይቅም ውስጥ መኖር ወደሚችል አንድ ዓይነት ጥንታዊ ዓሳ ይመለሳል። አሸዋውን ገና ከጥንት የያዙ ናቸው ማለት ነው።

«ጠጠርም ሆነ አሸዋ ለእሱ አንድ ነው»

እዚህ ላይ ከራሴ ልናገር። ይህን ስህተት እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ፣ ዓሳውም ዋጋ ከፍሏል።

መጀመሪያ የገዛኋቸው ሁለት ጫጩቶች ነበሩ፤ ጣት የሚያክሉ። የሸጠልኝ ሰው «ጠጠር አድርግ፣ ለማጽዳት ይቀላል» አለኝ። እውነትም ለማጽዳት ይቀላል። የገንዳው ወለል ባቄላ በሚያካክል ጠጠር ተሞላ። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ድንገት መጣ። ክፍሉ በአንዴ ሲበራ አንደኛው ዓሳ ደነገጠ። ሲደነግጥ የሚያደርገውን አደረገ፤ ጭንቅላቱን ወደ ወለሉ ወርውሮ ሊገባ ሞከረ። ጠጠሩ አላስገባውም። እንደገና ሞከረ። ስደርስ የላይኛው ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ ግንባሩ ላይ ቅርፊቱ ተነስቷል። ቁስሉ ሻገተ። በአምስተኛው ቀን ሞተ።

ጠጠሩን በሙሉ አወጣሁ። ደቃቅ፣ ጠርዙ ለስላሳ የሆነ አሸዋ ፈልጌ አገኘሁ። ውሃው እስኪጠራ ደጋግሜ አጠብኩት። ወደ ስምንት ሴንቲ ሜትር ውፍረት አደረግኩ። የተረፈው ዓሳ መጀመሪያ ዙሪያውን ዞረ። ከዚያ አንድ አፍ ዛቀ። ስንጥቡ ሥር አሸዋው ሲወርድ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ አየሁት። ያን ቀን እስኪመሽ አላቆመም።

ከወር በኋላ እንደገና ደነገጠ፤ በር በኃይል ተዘግቶ ነው። በዚህኛው ጊዜ አሸዋው ላይ ትንሽ ብናኝ ተነሳና ዓሳው የለም። ጠጋ ብዬ ሳይ ሁለት ዓይኖች ብቻ ከአሸዋው በላይ ወጥተዋል። አሥር ደቂቃ ገደማ እንዲሁ ቆየ። ከዚያ አሸዋውን አራግፎ ተነሳና መዋኘቱን ቀጠለ።

ሐይቁ ውስጥም ነፍሱን የሚያድነው ይህ ነው። ሜዳው ላይ የሚሸሸግበት ድንጋይ የለም። ዓሳ በል ወፍ ከላይ ይመጣል፣ ትልልቅ አዳኝ ዓሳዎች ከጎን ይመጣሉ። መሸሸጊያው ሥሩ ያለው አሸዋ ነው። ስለዚህ አሸዋ የገንዳ ጌጥ አይደለም። የምግብ ጠረጴዛውም መደበቂያ ጓዳውም እሱ ነው። ከሦስቱ ጠያቂዎቼ አንዱ አሁን ጠጠሩን አውጥቶ አሸዋ እያጠበ ነው። ለግንባታ የሚሆን ሻካራ አሸዋ አትጠቀም ብዬዋለሁ፤ ስለታሙ ስንጥብ ያቆስላል።

«ቀለም የለውም»

ሱቅ ውስጥ የሚታዩት ጫጩቶች ናቸው። ጫጩቱና ሴቷ ብርማ ናቸው፣ ጎናቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይደረደራል። ነጭ አሸዋ ላይ በጠራራ ፀሐይ ይህ ቀለም እንዴት እንደሚጠፋ ያየ ሰው ቀለም የለውም አይልም። ብርማው ጎን የውሃውን ብርሃን ይመልሳል፣ ነጠብጣቡ ደግሞ የዓሳውን ቅርጽ ይሰባብረዋል። ትክ ብዬ እያየሁት ጠፍቶብኝ ያውቃል።

ወንዱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ጎልምሶ የራሱን ቦታ ሲይዝ ነጠብጣቡ ይሸፈናል፣ አካሉ በሙሉ ወደ ጥቁር የሚያደላ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል። የእኔው ወንድ እስኪቀየር ከሁለት ዓመት በላይ ጠብቄያለሁ። ከሱ የሚበልጥ ወንድ ገንዳው ውስጥ ካለ ደግሞ ጨርሶ ላይቀየር ይችላል። ጸሐፊው ያዩት ዓሳ ዕድሜው ስንት እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኛል።

«አሸዋ መከመሩ ትርጉም የለውም»

ከጽሑፉ ሁሉ ይበልጥ ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከማላዊ ሐይቅ ድንቅ ነገሮች አንዱ እዚህ ጋ ስላለ። ሁሉም የአሸዋ ዓሳ አይከምርም። ነገር ግን ወደ 200 የሚጠጉ ዝርያዎች ወንዶቻቸው በመራቢያ ጊዜ አሸዋውን በአፋቸው እየዛቁ ይሠራሉ። አንዳንዱ ጉድጓድ ይቆፍራል። አንዳንዱ ደግሞ አናቱ ላይ ሳህን የመሰለ ጎድጓዳ ያለው ጉብታ ይከምራል። ከእነዚህ አንዱ ወገን ምቼንጋ ይባላል። ምቼንጋ በማላዊው ቺቼዋ ቋንቋ አሸዋ ማለት ነው።

ዓሳው መዳፍ የማያክል ነው። የሚከምረው ግን ከእሱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እጅ የለውም። አንድ አፍ ይዝቃል፣ ይወስዳል፣ ይተፋል፣ ይመለሳል። ማዕበል ሲመጣ ይፈርስበታል፣ ጎረቤቱ ሊሰርቀው ይመጣል፣ እሱ ያባርራል፣ ደግሞ ይጀምራል። ለቀናት እንዲሁ ይቀጥላል።

ጸሐፊው ይህ ጎጆ እንኳ አይደለም ብለዋል። እሱስ ልክ ነው፤ ጎጆ አይደለም። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ጥላ ወዲያው በአፏ ይዛ ትሄዳለች። ጉብታው ከሠርግ ዳስ ጋር ይመሳሰላል። ዳስ ሰው የሚኖርበት ቤት አይደለም፤ ሠርጉ ሲያልቅ ይፈርሳል። ትርጉም የለውም የሚል ግን የለም። ሴቷ ከዳስ ዳስ እየዞረች ታያለች፣ ወንዱን የምትመርጠውም እዚያው ነው። ማኬይ ኬፕ ማክሊር አጠገብ 4 ኪሎ ሜትር በሚሆን አሸዋማ ዳርቻ ላይ ወደ 50,000 የሚገመቱ የአንድ ዝርያ ወንዶች እንዲህ ተሰልፈው ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ1983 ጽፏል። አምሳ ሺህ ዳስ በአንድ መስመር!

ከዚህም ያለፈ አለ። ተመራማሪዎች ጉድጓድ የሚቆፍረውን ኮፓዲክሮሚስ ቨርጂናሊስን ጉብታ ከሚከምረው ምቼንጋ ኮኖፎረስ ጋር አዳቀሉ። የተወለደው ወንድ ምን ያደርጋል? መሐል ላይ የሆነ ነገር ይሠራል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አልሆነም። መጀመሪያ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ቀጥሎ እዚያው ላይ ጉብታ ይከምራል። የአባቱንም የእናቱንም ሥራ ተራ በተራ ይሠራል። ማንም አላስተማረውም። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል፤ ባህርይ በዘር እንዴት እንደሚተላለፍ ለማወቅ ዛሬ ቤተ ሙከራዎች እነዚህን ዓሳዎች ያረባሉ። ገንዳ ማበላሸት የተባለው ይሄ ነው።

«እናቲቱ እንቁላሏን ትበላለች»

አትበላም፤ ታቅፋለች። ለመታቀፊያ የተሠራላት ቦታ አፏ ነው። እንቁላሏን ጥላ ወዲያው ትለቅመዋለች። ብዙዎቹ ወንዶች ከኋላ ባለው የሆድ ሥር ክንፋቸው ላይ እንቁላል የሚመስል ነጥብ አላቸው። ሴቷ እሱንም ልትለቅም አፏን ስትጠጋ የወንዱን ዘር ትቀበላለች፤ እንቁላሉ አፏ ውስጥ ይጸነሳል። ከዚያ ሦስት ሳምንት ገደማ አገጯ አብጦ ትዞራለች። እምብዛም አትበላም፣ ትከሳለች። ጫጩቶቹን ስትለቅ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ገንዳ ውስጥ አንዳንዴ የምትውጥበት ጊዜ አለ። ይህ የሚሆነው ስትረበሽ ነው፤ በተለይ የመጀመሪያዋ ከሆነ። መረብ ይዞ የሚያሳድዳት ባለቤት ካለ ጥፋቱ የሱ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር መሆን የለበትም። ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ሄደን ጠብሰን የምንበላው ቆሮሶ ሲክሊድ ነው፤ የሮስትራተስ ዘመድ። የቆሮሶ ወንድም በመራቢያው ጊዜ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ወለሉ ላይ ጎድጓዳ ይቆፍራል። ሴቷም እንቁላሏን በአፏ ትይዛለች። ጸሐፊው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካለ ዓሳ አጥማጅ ጋር ተቀምጠው ቢያወሩ ይህን ሁሉ ይነግራቸው ነበር።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም። ምቡና ድንጋይ ላይ የሚበቅል አልጌ ይግጣል፤ ሮስትራተስ እጭና ትናንሽ እንስሳት ከአሸዋ ይለቅማል። ሆዳቸው አንድ አይደለም። የበሬ ሥጋና ስብ መስጠት ለሁለቱም አይበጅም። ውሃው ከ7.7 እስከ 8.6 ባለው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ውስጥ ይሁን፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ገደማ። ከተደባዳቢ ምቡናዎች ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ አታስገቡት።

«አሸዋው ላይ መረብ ቢጎተት የሚጎዳ ነገር የለም»

ይህን ያህል የጻፍኩት እዚህ ለመድረስ ነው። የቀረው ስህተት ገንዳ ውስጥ ያለ አንድ ዓሳ ይጎዳል። ይሄኛው ሰው ይጎዳል።

የማላዊ ሐይቅ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1980 ተቋቋመ። በ1984 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ አድርጎ መዘገበው። ውሃው ውስጥ የሚጠበቀው ግን ከዳርቻው 100 ሜትር ብቻ ነው፤ እሱም በአብዛኛው ድንጋያማው ቦታ ዙሪያ። ምቡና ጠባቂ አግኝቷል። ረጅሙ አሸዋማ ዳርቻ ግን አላገኘም። የዳርቻ መረብ የሚጎተተው ደግሞ እዚያ ነው። መረቡን በጀልባ ወስደው በግማሽ ክብ ይጥሉታል። ሁለቱን ጫፍ ሰዎች ተሰልፈው ከሐይቁ ዳር ይጎትታሉ። ሥረኛው ገመድ ክብደት አለው፣ አሸዋውን እየጠረገ ይመጣል። ጉብታም ጉድጓድም አይተርፍም። ዓይኑ ጠባብ ከሆነ፣ አንዳንዴ ደግሞ የወባ መከላከያ አጎበር ተሰፍቶ ከገባበት፣ ጫጩትም አይተርፍም።

አጥማጆቹን አልወቅስም። የሚበሉት እሱን ነው። ለማላዊ ሕዝብ ዓሳ ዋናው የሥጋ ምግብ ነው። ከእነዚህ የወለል ዓሳዎች ብዙዎቹን ቺሳዋሳዋ ይሏቸዋል፤ ገበያ ላይ ደርቀው ይሸጣሉ። «ጥቅም የሌለው ዓሳ» የሚለው ቃል ጽሑፉ ውስጥ ባይኖር ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አሸዋው ላይ ትሬማቶክራነስ ፕላኮደን የሚባል ሲክሊድ ይኖራል። ቀደም ብዬ ያነሳሁት የጉሮሮ መንጋጋ በዚህ ዓሳ ላይ ወፍጮ ሆኗል፤ ጥርሶቹ ደንዳና፣ ክብ፣ እንደ መንጋጋ ጥርስ ናቸው። የሚፈጨው ቀንድ አውጣ ነው። ከሚፈጫቸው መካከል ቡሊነስ የሚባሉት አሉ። ቡሊነስ የቢልሃርዚያን ትል የሚያሳድግ ቀንድ አውጣ ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ቆዳ ላይ ይገባል። ማላዊ ሐይቅ ውስጥ ደግሞ ቡሊነስ ኒያሳነስ የሚባለው ዝርያ የሚኖረው ሣር ውስጥ ሳይሆን ሜዳ አሸዋ ላይ ነው። ልጆች በሚዋኙበት፣ እናቶች ዕቃ በሚያጥቡበት ጥልቀት ላይ።

እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ የሐይቁ ክፍት ዳርቻ ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ይባል ነበር። ከዚያ በሽታው መጣ። እ.ኤ.አ. በ1992 ኬፕ ማክሊር የዋኙ ሁለት አሜሪካውያን የፒስ ኮር በጎ ፈቃደኞች ትሉ አንጎላቸውንና የጀርባ አጥንት ውስጥ ያለውን ነርቫቸውን አጥቅቶ ተገኘ። ጄይ ስታውፈር፣ ሄንሪ ማድሰንና ማኬይ ለዓመታት ባደረጉት ጥናት የደረሱበት ይህ ነው። ቀንድ አውጣ በል ዓሳው በመረብ ሲመናመን ቀንድ አውጣው በዛ። ቀንድ አውጣው ሲበዛ በሽታው በዛ።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ሥራ ነው፤ ቢልሃርዚያን ለማቆም ቀንድ አውጣውን መቆጣጠር። የእኛ ሰው ይህን ያደረገው በእንዶድ ነው። ማላዊ ሐይቅ ላይ ይህን ያለ ክፍያ ይሠራ የነበረው አሸዋው ላይ ያለው ዓሳ ነበር። ጸሐፊው «የሚጎዳ ነገር የለም» ያሉት ስለዚህ ዓሳ ነው።

እኔም በዚያ ውሃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለዋኘሁ ሐኪም የቢልሃርዚያ መድኃኒት የሆነውን ፕራዚኳንተል በክብደቴ ልክ አዘዘልኝ፣ ዋጥኩ፣ ዳንኩ። የቼምቤ ልጅ ግን ዛሬ ውጦ ነገ እዚያው ውሃ ውስጥ ይገባል።

ሌላውን ባያርሙ እንኳ ያችን የመጨረሻ አንቀጽ ቢያወጧት ጸሐፊውን እለምናቸዋለሁ።

ከቼምቤ ልወጣ በነበርኩበት ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ መረብ ሲጎተት ቆሜ አየሁ። አሸዋው ላይ የዘረገፉት መዳፍ የማይሞሉ ብርማ ዓሳዎች ነበር። አንድ ልጅ እየለየ በሳፋ ይጨምራል። በማግስቱ ጠዋት እዚያው ቦታ ገባሁ። ጉብታዎቹ የሉም፤ አሸዋው እንደተጠረገ ግቢ ለጥ ብሏል። ጥቂት ወደ ፊት ስዋኝ ሁለት ወንዶች አገኘሁ። ተራርቀው አንድ አፍ፣ አንድ አፍ እያሉ እንደገና እየከመሩ ነበር። ገና ቁመቱ ጣት አይሞላም። ከሰዓት በኋላ ጀልባዋ መረቡን ጭና ተመለሰች።